መኪናውን የገለበጠው ዓይኗ አይደለም

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የወንድሜ ልጅ እየነዳው ከአስፋልት ወጥቶ በተገለበጠ መኪና፣ ከኋላ ተሳፍራ የነበረች አንዲት ሸክላ ሠሪ ተወነጀለች። ዓይኗ ነው የገለበጠው ተባለ። ከመንደራችን እስክትወጣ ድረስ ያንን ስም ከላይዋ ያነሣላት ሰው አልነበረም።

እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት በነበረ ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ፊደሉን ያልጣልኩት ዳዊት ስለማነብ ነው እንጂ ለመጻፍ እጄ ይከብዳል። ነገር ግን ይህን ልጆቼ ቢጽፉት ለዘመድ እያደሉ ያለሳልሱታል፤ የልጅ ልጆቼ ቢጽፉት ደግሞ ያሳጥሩታል። ስለዚህ ራሴ ያዝኩት።

የምኖረው ቁሐር ሚካኤል ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ሩዙ ይጠግባል፣ ከብቱ ወደ ደረቁ ይሸሻል፣ መንገዱ ግን ይጠፋል። አፈራችን ዋልካ ነው። በእግር ሲሄዱበት ጫማ ያወልቃል፣ በመኪና ሲሄዱበት መኪናውን ያስቀምጣል። መስከረም ላይ፣ ውሃው ገና መሸሽ ሲጀምር፣ ከእኛ መንደር እስከ አስፋልቱ የሚደፍር መኪና አንድ ብቻ ነበር። የወንድሜ ልጅ የሚነዳው አሮጌ ፒካፕ ነው። ከሌላው የሚለየው አራቱም ጎማ መጎተት መቻሉ ነው። ከትልቁ ማርሽ አጠገብ ትንሽ ማርሽ አለችው፤ እሷ ስትገባ የፊቱም የኋላውም ጎማ አብሮ ይስባል። ሹፌሮቹ ፎር ዊል ይሏታል። ያን ጊዜ ስለ እሷ የማውቀው ይህንን ብቻ ነበር፤ ከጭቃ ታወጣለች፣ አለቀ።

ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ ቀጥቃጭ ነበር፤ የመንደሩን ማረሻና ማጭድ ሁሉ ሲያበጅ ኖሮ ሞተ። እሷ ጋንም፣ እንስራም፣ ድስትም ትሠራለች። በእሷ ድስት ወጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ እሷ ቤት ገብቶ ውሃ አይጠጣም ነበር። እኔ እጠጣ ነበር። ይህን የምለው እንድመሰገን አይደለም፤ እንስራዋ ውሃ ስለሚያቀዘቅዝ ነው።

ያን ቀን የወረታ ገበያ ነበር፤ ለመስቀል የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። እሷ ሸክላዋን በሩዝ ገለባ እየጠቀለለች ጫነች። ባለቤቴ አንድ ጆንያ ሩዝ ይዞ ወጣ። ሌሎችም ተሳፈሩ። እኔ ላሜ ልትወልድ ስለተቃረበች ቀረሁ። ከመሄዳቸው በፊት ባለቤቴ ከላይ ሆኖ፣ ጥጃዋ ሴት ከሆነች የኔ፣ ወንድ ከሆነ የሱ እንደሆነ ነገረኝ፤ ሰዉም ሳቀ። በሁለት እግሩ ቆሞ ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ነበር።

የሆነውን የሰማሁት ከተመለሱት ሰዎች ነው። መኪናው አስፋልቱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ወርዶ ገፋ። ወጣ። አስፋልቱ ላይ ወጥተው ወደ ወረታ ሲገሠግሡ፣ መታጠፊያው ላይ መኪናው አልታጠፍ ብሎ ከመንገዱ ወጣና ሩዝ ማሳ ውስጥ ተገለበጠ። ማሳው ውሃና ጭቃ ስለነበረ ሰው አልሞተም። የባለቤቴ ዳሌ ተሰበረ። የወንድሜ ልጅ ግንባሩ ተሰነጠቀ። ሌላው በጭረት ተረፈ። ከሸክላው አንድም አልተረፈም።

ከኋላ የተሳፈረ ሰው መውረድ ሲፈልግ ወይም አንድ ነገር ሲያይ የጋቢናውን ጣራ በእጁ ይመታል፤ ሹፌሩም ይቆማል። የእኛ አገር ደንብ ይህ ነው። ያን ዕለት ከመገልበጡ በፊት ሸክላ ሠሪዋ ጣራውን ደጋግማ መታች። ይህን ያልሰማ ተሳፋሪ አልነበረም። “መታችው፣ እጇን ሳታነሣ ተገለበጠ” አሉ። የወንድሜ ልጅም ለትራፊኩም ለሽማግሌዎቹም አንድ ቃል ነው የተናገረው፤ መሪው ያዘኝ፣ አልዞር አለኝ። ሰዉ ማን ያዘው ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ መለሰ። የወንድሜ ልጅ አልዋሸም። ሌላው ሰው ሲዋሽለት ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ እሷ ናት። ማንም አልጠየቃትም። እኔ አጥሩን ዞሬ ሄድኩና ጠየቅኋት። እጇ እንደተላላጠ ነበር፤ አዲስ ጭቃ እያቦካች አገኘኋት።

“ለምንድን ነው ጣራውን የመታሽው?”

“ሸክላዎቹ ይንጫጩ ነበር” አለችኝ። “ጭቃው ላይ ስንመጣ ዝም ብለው ነው የመጡ። አስፋልቱ ለስላሳ ነው፤ ይበልጥ ዝም ማለት ነበረባቸው። ከሥሬ ግን መኪናው ይንዘፈዘፋል፣ ጎማው ይዘላል፣ ድስቱ ከድስት ይጋጫል። ደኅና አይደለም፣ ቀስ በል ልለው ነው የመታሁት።”

አመንኳት። ግን ማመኔ ምን ያደርጋል? ለስላሳ መንገድ ላይ መኪና ለምን ይንዘፈዘፋል ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ዛሬ እንደዚህ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ያን ጊዜ አንድ ሹፌር ይዤ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ የአንድ ቀን ወሬ ነበር። እኔ ግን የምከራከረው ስለ ዓይንና ስለ ሃይማኖት ነበር፤ በዚያ ደግሞ ማንም ማንንም ረትቶ አያውቅም።

ባለቤቴ ከወረታ፣ ኋላም ከባሕር ዳር ታክሞ ተመለሰ፤ ነገር ግን አልጋ ያዘ። እሷ ልትጠይቀው በመጣች ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ አስወጪልኝ አለ። እሷ የሠራችውን እንስራም ከቤት አውጪ አለኝ። አላወጣሁም። ውሃውን ከእሱ እየቀዳሁ አጠጣሁት፤ እሱም እንስራውን እያየ ጠጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። እግሩን ያጣ ሰው የሚጠላው ይፈልጋል።

ወፍጮ ቤት ሴቶቹ ይወርፉኝ ነበር። አንዷማ፣ ዱቄቷን እየሰበሰበች፣ “እባክሽ ተጠንቀቂ፣ ባልሽን ጀመረችው፣ አንቺን ትጨርሳለች” አለችኝ። እኔም ትብላኝ፣ ሥጋዬ ያረጀ ነው፣ ጥርሷ ይሰበራል አልኳት። ሳቁ። ሳቃቸው ግን ለሸክላ ሠሪዋ ምንም አልጠቀማት።

ባለቤቴ በዓመቱ ዐረፈ። እሷ ለቀብሩ መጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ቆማ ብቻዋን ስታለቅስ አየኋት። እጇን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ አስገባኋት። የተቀመጥንበት አግዳሚ ወዲያው ባዶ ሆነ። ያን ረጅም አግዳሚ ለሁለት ይዘን ዋልን፤ እኔ ለባሌ አለቅሳለሁ፣ እሷ ለእኔ ባል ታለቅሳለች።

ከሁሉ የባሰው የመኪናው ነገር ነበር። ሸክላ ይዛ መንገድ ዳር ትቆማለች፤ የሚያውቋት ሹፌሮች ባዶ መኪና እየነዱ “ሞልቷል” ይሏታል። የወንድሜ ልጅ መኪናውን አስጠግኖ እንደገና መሥራት ጀምሮ ነበር። እሱ ሞልቷልም አይላትም። ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ያልፋታል። በአህያ ሞከረች፤ አህያዋ ዋልካው ላይ ተንበረከከች፣ የወሩ ሥራ ተሰበረ። የሰፈሩ ሰው ቢገዛት እንኳ በቻለች፤ እሱም ከእሷ መግዛት ትቶ ነበር።

አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፋ እንደምትሄድ ነገረችኝ። አንበሳሜ አካባቢ እንደ እሷው ሸክላ የሚሠሩ ዘመዶች አሏት። ቆዪ፣ ያልፋል ብዬ ብዙ ተናገርኳት።

“እኔስ ጥርሴን ነክሼ እቆይ ነበር” አለችኝ፤ “ሸክላ ግን እግር የለውም።”

እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። የሚያውቋት አለፉ። የማያውቃት አንድ ሚኒባስ ቆመላት። ረዳቱ ዕቃዋን ጣራ ላይ እየወረወረ “እማማ፣ ይግቡ፣ ቦታ አለ” ሲላት ዕንባዬ መጣ። ቦታ አለ የሚላት ሰው ከሰማን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

እሷ ከሄደች ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ መስከረም፣ ጉልበቴ አብጦ አላስረግጥ አለኝ። የወንድሜ ልጅ ወረታ ጤና ጣቢያ ሊያደርሰኝ መጣ፤ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ከእሱ ጋር ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ከመንደር ስንወጣ ትንሿን ማርሽ አስገባ። ጭቃው ላይ መኪናው እንደ ጎሽ እየተንፏቀቀ፣ ግን ሳይቸኩል ሄደ። ሰው በእግሩ ይቀድመናል አልኩት። ጭቃ ላይ ደንቡ እንዲህ ነው፣ ሃያና ቢበዛ ሠላሳ፣ ከዚያ ካለፈ መኪናው የሚሄደው ወደፈለገበት ነው አለኝ። ጭቃው ከዚህም ከከፋ ሪዶታ የሚባል ሌላ ማርሽ አለ፤ እሱ ሲገባ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን የእግረኛ ነው። በደረቅ ጠጠር እንኳ ከአርባ ብዙም አላሳልፍም አለ። ደስ ብሎት ነበር የሚያስረዳኝ። እኔም ፍጥነቱን የምታሳየውን መርፌ እያየሁ አዳመጥኩት።

አስፋልቱ ላይ እንደወጣን ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

“ወረታ ወደፊት ነው” አልኩት። “ወደ ኋላ ምን ረስተህ ነው?”

ሳቀ። “ፎር ዊሉን ላወጣ ነው አክስቴ። ተወጥሮ ማርሿ አልወጣ ስትል ትንሽ መለስ ይባላል፤ ውጥረቱ ሲላላ ትወጣለች።”

ትንሿን ማርሽ ነቅነቅ አድርጎ አወጣት። እኔ ነገር ከጀመርኩ አልተውም። ብትተዋትስ፣ አራቱም ቢጎትቱ ምን አለበት፣ ጉልበት አይጨምርም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

“ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ይቻቻላል” አለኝ። “አስፋልት ግን ጎማውን አጥብቆ ይይዘዋል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ የፊቱና የኋላው እኩል መንገድ አይሄዱም። እርሻ ላይ ጥማዱ ሲዞር አይተው የለ? የውጩ በሬ ብዙ ይራመዳል፣ የውስጡ እዚያው ይረግጣል። ሁለታችሁም እኩል ተራመዱ ቢሏቸው ቀንበሩ ይሰበራል። መኪናውም እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ይንዘፈዘፋል፣ ጎማው ይዘላል።”

“በዚያ ላይ ተሮጦ ቢኬድስ?”

“በዚያ ላይማ ተሮጦ ከተኬደ መሪው ይይዝና…”

እዚያ ላይ አፉን ያዘ። እኔም አየሁት። ጆሮው እየቀላ ሄደ። ከዚያ እስከ ወረታ ድረስ መኪናው ከአህያ ጋሪ ብዙም አልፈጠነ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሊያወርደኝ ክንዴን ሲይዝ፣ መኪናው የተገለበጠ ዕለት ትንሿ ማርሽ ወጥታ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጉልበትዎን ይታዩ አክስቴ አለኝ። ጉልበቴን ታየሁ። ስመለስም ጠየቅሁት፤ ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ አለኝ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም።

ጥቅምቱን ሁሉ ጠየቅሁት። ልቅሶ ቤት አገኘሁት፣ ጠየቅሁት። የልጁ ክርስትና ላይ እንጀራ እያቀረበልኝ ጠየቅሁት፤ ሚስቱ በዓይኗ ለመነችኝ። ወንድሜ፣ አባቱ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ ተቆጣ። “የገዛ ደምሽን ለባዳ ልትሸጪ ነው?” አለኝ። እኔም የገዛ ደሜ ስለሆነ ነው የምጠይቀው፣ የባዳ ልጅ ቢሆን ለዳኛ እተወው ነበር ብዬ መለስኩለት።

በመጨረሻ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ፤ የእሱም የእኔም ናቸው። አባቴ፣ ይህን ነገር እርስዎ ያውቃሉ አልኳቸው።  ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦

“እኔ የሰማሁትን መናገር አልችልም። አንቺ ግን ያየሽውን ከመናገር የሚከለክልሽ የለም። እንዲያ ስትናገሪ ልጁ ራሱ ከተከተለሽ እሰየው፤ ካልተከተለሽም እኔ ከጎንሽ እቆማለሁ።”

ይህንን ለወንድሜ ልጅ ሄጄ ነገርኩት። ለኅዳር ሚካኤል ሕዝቡ ፊት እንደምናገር፣ የማወራውም ስለ ጥማዱና ስለ ቀንበሩ እንደሆነ ነገርኩት።

ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ማሳ ውስጥ ማጭድ ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ መጣ። መኪናውን መንገድ ላይ ትቶ በእግሩ ነበር የመጣ። ነዶው ላይ ቁጭ አለና የሩዝ ዘለላ እየፈለፈለ ተናገረ።

ያን ቀን አስፋልቱ ላይ እንደወጣ ማርሿን ሊያወጣ ሞከረ፤ ተወጥራ አልወጣ አለችው። ወደ ኋላ መለስ ማለት ጀመረ። ከኋላ የተሳፈሩት ሰዎች ከጭቃው ገፍተው ገና መውጣታቸው ነበር፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ወደ ኋላ ሲመለስ ሲያዩ እንደገና ወደዚያው ጭቃ የሚያስገባቸው መሰላቸው። ጮኹበት። ተሳደቡ። አንዱ ከሁሉ በላይ ጮኸ፤ “ወደፊት ንዳ አንተ፣ ለዚህ ነው ወይ የገፋንህ” አለ። እሱም አፈረ። ማርሿን እንደገባች ትቷት ነዳ። ማፈሩ ወደ ንዴት ተለወጠና ረገጠው። መርፌዋ ሰማንያን ስትነካ አይቷል። ጣራው ሲመታም ሰምቷል። ያው እነሱ ናቸው፣ ደግሞ ምን አምሯቸው ነው ብሎ ባሰበት እንጂ አላቀዘቀዘም።

“ማን ነው ከሁሉ በላይ የጮኸው?” አልኩት።

 ዘለላውን መፈልፈል ተወ።

“ማን ነው የጮኸው?”

“ባለቤትዎ ናቸው አክስቴ” አለኝ። “እንዴት ብዬ ልንገርዎት? አልጋ ላይ ተኝተው፣ ኋላም ሞተው፣ ‘እሳቸው ናቸው ያስቸኮሉኝ’ ልበል? አንዴ ዝም ካልኩ ደግሞ ዝምታው በዛብኝ።”

ማጭዱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ብዙ ሥራ አልሠራሁም። ያ ሰው ዳሌው ተሰብሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር፣ የጠላው “ቀስ በል” ያለችውን ሴት ነበር፣ “ወደፊት ንዳ” ያለው ራሱ ሆኖ። ሳያውቅ ሄደ። ወይም አውቆ ሄደ፤ ይህን እግዚአብሔር ይወቀው። የቱ እንደሚሻል እስካሁን መምረጥ አልቻልኩም። የወንድሜ ልጅ ሊሄድ ሲነሣ የባሌን ነገር እንደማያነሣ፣ የራሱን ብቻ እንደሚናገር ነገረኝ። 

የሚካኤል ዕለት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጠ። የነፍስ አባታችን ቆመው የወንድሜን ልጅ ጠሩት። እሱም እንዳለው ተናገረ። መሪውን የያዘው ሰው አይደለም፤ ትንሿን ማርሽ ሳላወጣ፣ አራቱም ጎማ እየጎተተ፣ አስፋልት ላይ በሰማንያ ነድቼ ነው፤ እሷ ቀስ በል እያለችኝ ነበር አለ። ስለ በሬዎቹም ተናገረ፤ ገበሬው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ባለቤቴ አላነሣም። ቃሉን ጠብቆ ሊቀመጥ ሲል እኔ ተነሣሁ።

“አንድ ቀርቷል” አልኩ። “ማርሿን ሊያወጣ ወደ ኋላ ሲመለስ ‘ወደፊት ንዳ’ ብሎ የጮኸበት ባሌ ነው። የሌላ ሴት ባል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን ጠርቼ አወጣው ነበር። ስለዚህ የኔንም አወጣሁት።”

ወንድሜ ተነሥቶ ሄደ።  ከዚያ ያቺ የወፍጮ ቤቷ ሴት፣ ታዲያ ሴትዮዋ ያን ጊዜ ለምን አልተናገረችም አለች።

“ማን ጠየቃት?” አልኳት።

ሁሉም አመነ ብዬ አልጽፍም፤ እውነት ለመናገር ነው የጀመርኩት። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው፣ ፍጥነቱስ ይሁን፣ ነገር ግን ዓይንም ፍጥነትም አንድ ቀን ሊገናኙ ይችላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። የሳቀ ነበር። የሳቀው ብዙ ነበር፤ ድሮ ቢሆን አይስቁም ነበር። እኔ ያገኘሁት ፍርድ ይህን ያህል ነው።

በሳምንቱ ሦስታችን ወደ አንበሳሜ ሄድን፤ የነፍስ አባታችን፣ የወንድሜ ልጅና እኔ። የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በሩ ላይ የሚደርቅ ሸክላ ተደርድሯል። እሷ ሸብታለች፣ ግን ወፍራለች፤ ደኅና እንጀራ እንደበላች ያስታውቃል። የወንድሜ ልጅ እንደ ደንቡ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጇ ላይ ተንበረከከ። ቄሱ የመጡበትን ተናገሩ፣ ሕዝቡ ፊት የተባለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። አዳመጠች። ከዚያ ተነሥታ ድንጋዩን በገዛ እጇ አንሥታ ወደ ጎን አኖረችው። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ተነሥ፣ ሱሪህ ቆሸሸ አለችው።

የባለቤቴን ጩኸት ሰምታ እንደነበር ጠየቅኋት። ሰምታለች፤ ከአጠገቡ ነበር የተቀመጠችው። ታዲያ አጥር ለአጥር ስንኖር፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ምነው አልነገርሽኝም አልኳት። በታመመ ሰው ላይ፣ ኋላም በሞተ ሰው ላይ አልናገርም ብዬ ነው አለች።  ለእሷ ፍርድ የጮኽሁ መስሎኝ ስኖር፣ እሷ ደግሞ ለእኔ ዝም ስትል ኖራለች።

ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኋት። ቤትሽ እንደነበረ ነው፣ አጥሩን ራሴ አስጠግኜዋለሁ፣ ሸክላሽን የሚጭን መኪናም አለሽ፤ ተመለሺ አልኳት። የወንድሜ ልጅም መሬት መሬት እያየ፣ እኔው እጭንልዎታለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው አለ። እሷ እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈቀፈቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ መለሰችልኝ፦

“ይቅር ብያለሁ እህቴ፤ እንዲህ አድርገሽ ስሜን ስላነጻሽልኝም ዕድሜ ይስጥሽ። መመለሱን ግን አትጠይቂኝ። እዚህ ሸክላ የሚገዛኝ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ዋጋ የሚከራከረኝ።”